አቦሸማኔ ለምን የቤት ድመት አይሆንም? የሐርጌሳ ግልገሎች ታሪክ

በሐርጌሳ ገበያዎች፣ ሥጋ በሚሸጥበት ረድፍ፣ ድመት አይጠፋም። ሻጮች ቁራጭ ይጥሉላታል፤ ደንበኞችም አልፈዋት ይሄዳሉ እንጂ አያባርሯትም። ሶማሊኛ ተናጋሪዎች ድመትን "ሙኩላል"፣ "ቢሳድ" ወይም "ያንዩር" እያሉ ይጠሯታል። በእስልምና ድመት ንጹሕ እንስሳ ተደርጋ ትቆጠራለች። ከነቢዩ መሐመድ ባልደረቦች አንዱ ለድመት ባላቸው ፍቅር "አቡ ሁረይራ"፣ ማለትም "የድመቷ አባት" ተብለው መጠራታቸው ይህች እንስሳ በሙስሊሙ ቤት ያላትን ስፍራ ያሳያል።

ከዚህችው ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ስፍራ ግን ሌላ የድመት ዘር በብዛት ይኖራል። ከእናታቸው ተነጥቀው፣ ተሸጠው፣ በመኪና ተጭነው በጉዞ ላይ ሳሉ የተያዙ አቦሸማኔዎች ናቸው። አብዛኞቹ ሲገኙ ከጎልማሳ የቤት ድመት የማይበልጡ፣ ዓይናቸውን ከገለጡ ሳምንታት ብቻ ያለፏቸው ግልገሎች ነበሩ። መዳረሻቸው ተብሎ የታሰበው በባሕረ ሰላጤው አገራት የሚገኝ የባለጸጋ ቤት ነበር።

ገዢው የሚፈልገው ውብና ለማዳ የቤት እንስሳ ነው። ይህ ምርጫ በአፍሪካ ቀንድ የአቦሸማኔን ህልውና አደጋ ላይ ከጣሉት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል።

ከየት ይመጣሉ? ወዴትስ ይወሰዳሉ?

በዓለም ላይ በዱር የቀሩት አቦሸማኔዎች ብዛት እአአ በ2016 በታተመ ጥናት 7,100 ገደማ እንደሆነ ተገምቷል። እንስሳው ቀድሞ ይኖርበት ከነበረው መልክዓ ምድር ዛሬ የሚገኘው ከአሥር እጅ አንዱ በማይሞላው ላይ ብቻ ነው። በአፍሪካ ቀንድ ያለው ንዑስ ዝርያ በኢትዮጵያ የሶማሌ፣ የአፋር እና የደቡብ ቆላማ አካባቢዎች፣ በሰሜን ኬንያ እና በሶማሊያ ምድር ተበታትኖ ይኖራል።

መቀመጫውን በናሚቢያ ያደረገው የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ በየዓመቱ 300 ገደማ ግልገሎች ከቀጣናው በሕገ ወጥ መንገድ እንደሚወጡ ይገምታል። እአአ ከ2010 እስከ 2019 ያለውን ጊዜ የሸፈነ ጥናት ደግሞ በዓለም ዙሪያ ከ4,000 የሚበልጡ አቦሸማኔዎች በሕገ ወጥ ንግድ ውስጥ መግባታቸውን መዝግቧል። ከእነዚህ የሚበዙት የተመዘገቡት በአፍሪካ ቀንድ እና በዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ነው።

ሶማሊላንድ የዚህ ንግድ ዋነኛ መተላለፊያ የሆነችው በመልክዓ ምድሯ ምክንያት ነው። በምዕራብና በደቡብ ከኢትዮጵያ ጋር ረጅም ድንበር ትጋራለች፤ በሰሜን ደግሞ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ረጅም የባሕር ጠረፍ አላት። ከየመን ጋር የሚያገናኛት የጀልባ ጉዞም ረጅም አይደለም። ከብት፣ ፍየልና በግ ለዘመናት የተሻገሩበት መስመር፣ የተደበቀ ካርቶን ወይም ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ የገባ ግልገልንም ያሻግራል።

አርብቶ አደሩ ግልገሉን የሚሸጠው ለምንድን ነው?

የንግዱ ሰንሰለት የሚጀምረው ከብዙ ገንዘብ ርቆ ነው። አርብቶ አደሩ ፍየሎቹ ወይም በጎቹ በአቦሸማኔ ሲበሉበት ካሣ የሚከፍለው የለም። እናቲቱ ለአደን ስትርቅ ግልገሎቿን የደበቀችበትን ቁጥቋጦ ያገኘ ሰው ግልገሎቹን የሚወስደው አንዳንዴ ለበቀል፣ አንዳንዴ የጠፋበትን ለማካካስ ነው።

ድርቅ ይህን ያባብሰዋል። እአአ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች በአፍሪካ ቀንድ ሳይሳኩ ቀርተው ሚሊዮኖች ከብቶች አልቀዋል። የዱር ሚዳቋና ድኩላ ሲመናመን አቦሸማኔው ወደ በረት ይጠጋል፤ መንጋው ያለቀበት እረኛም የሚሸጠው ነገር ይፈልጋል። በመጀመሪያው ሻጭ እጅ የሚገባው ክፍያ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ዶላር አይዘልም። ባሕሩን ተሻግሮ በሕይወት የደረሰ ግልገል ግን ከ10,000 ዶላር በላይ ሊጠየቅበት ይችላል። ትርፉ የሚቀረው በመካከል ባሉት ደላሎችና አሻጋሪዎች እጅ ነው።

በዚህ ጉዞ በሕይወት የሚደርሱት ጥቂቶቹ ናቸው። ጥበቃ ፈንዱ እንደሚገምተው ከተወሰዱት ግልገሎች የሚበዙት ገዢ ሳያገኙ ይሞታሉ። ጡት ያልጣሉ ግልገሎች የማይስማማቸው ወተት ይሰጣቸዋል፣ ውሃ ያጥራቸዋል፣ በሙቀት ውስጥ ታፍነው ለቀናት ይቆያሉ። ስለዚህ አንድ ሰው በማኅበራዊ መገናኛ የሚያየው አንድ ግልገል ጀርባ፣ ያልታዩ የሞቱ ግልገሎች አሉ።

ከነገሥታት አደባባይ እስከ ማኅበራዊ መገናኛ

አቦሸማኔን ማላመድ አዲስ ነገር አይደለም። ከሌሎች ትልልቅ የድመት ዘሮች ጋር ሲነጻጸር ሰውን የማጥቃት ዝንባሌው አነስተኛ ነው፤ እንደ አንበሳ አያገሳም፣ እንደ ቤት ድመት ያንኮራፋል፣ እንደ ወፍም ይጮሃል። በፋርስ፣ በዓረብ ምድርና በህንድ መሳፍንቱ ለአደን ይጠቀሙበት ነበር። የሙጋል ንጉሠ ነገሥት አክበር በዘመነ መንግሥቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ አቦሸማኔዎች እንደነበሩት ይነገራል።

የዚህ ታሪክ ሌላው ገጽታ ግን ብዙም አይወሳም። በእነዚያ ሁሉ መቶ ዓመታት አቦሸማኔ በሰው እጅ ውስጥ ሆኖ መውለዱ በግልጽ የተመዘገበው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ይህም በአክበር ልጅ በጃሃንጊር ዘመን ነበር። ቀጣዩ የታወቀ ልደት እአአ በ1956 በአሜሪካ ፊላደልፊያ የእንስሳት ማቆያ የተመዘገበው ነው። ቤተ መንግሥቶቹ አቦሸማኔዎቻቸውን ያገኙ የነበረው ከዱር እያስያዙ ነው። በህንድ ዝርያው ጨርሶ የጠፋበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ህንድ እአአ በ1952 አቦሸማኔ ከምድሯ መጥፋቱን አውጃለች።

ዛሬም ሁኔታው ብዙ አልተለወጠም። በዘመናዊ ማቆያዎች እንኳ አቦሸማኔን ማራባት አስቸጋሪ በመሆኑ፣ በድብቅ የሚሸጡት ግልገሎች "በእርባታ የተገኙ ናቸው" ቢባልም አብዛኞቹ ከዱር የተነጠቁ ናቸው።

መላመድና ለማዳ ዝርያ መሆን ምን ያለያያቸዋል?

"ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ" የሚለው የአማርኛ ብሒል ለቤት ድመት የተነገረ ቢሆንም፣ ለአቦሸማኔ ይበልጥ ይሠራል።

የቤት ድመት ዝርያዋ ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ይመዘዛል። ከ10,000 ዓመታት ገደማ በፊት ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ ወደ ጎተራው መጣ፤ አይጧን ተከትላ ድመቷ መጣች። በቆጵሮስ 9,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ መቃብር ውስጥ ከሰው ጎን የተቀበረች ድመት ተገኝታለች። ሰውን የማይፈሩት ቀርበው፣ ተዋልደው፣ በሺዎች በሚቆጠሩ ትውልዶች ጠባያቸው ከሰው ቤት ጋር ተስማማ።

አቦሸማኔ ይህን ጉዞ አልተጓዘም። ከሕፃንነቱ በጡጦ ያደገ አንድ አቦሸማኔ አሳዳጊውን ሊለምድ ይችላል፤ ተፈጥሮው ግን የዱር እንደሆነ ይቀራል። በዱር የአንድ አቦሸማኔ መዋያ ከመቶዎች እስከ ከ1,000 በላይ ካሬ ኪሎ ሜትር ሊሰፋ ይችላል። በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ለመሮጥ የተሠራን አካል የሚበቃ ግቢ የለም። በጠባብ ቦታ የተዘጋ አቦሸማኔ ይጨነቃል፣ ይታመማል፣ ሲያድግም ሕፃናትንና ሌሎች የቤት እንስሳትን እንደ ታዳኝ ሊያይ ይችላል። አንዳንድ ባለቤቶች ይህን ለማስወገድ ጥፍሩን እስከ ማስነቀል ይደርሳሉ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚገድለው አመጋገቡ ነው። አቦሸማኔ በዱር የሚበላው ሥጋ ብቻ አይደለም፤ የውስጥ አካላትን፣ ቆዳንና ለስላሳ አጥንትንም ጭምር ነው። ካልሲየም የሌለበት ቀይ ሥጋ ወይም የዶሮ ሥጋ ብቻ እየተሰጠው የሚያድግ ግልገል አጥንቱ ይሳሳል፣ እግሮቹ ይጎብጣሉ፣ በቀላሉ ይሰበራሉ። ዝርያው ከአሥር ሺህ ዓመት በፊት ገደማ እጅግ ከተመናመነ በኋላ ያገገመ በመሆኑ የዘረ መል ልዩነቱ ጠባብ ነው። በእስር ሲኖር ለሆድ፣ ለኩላሊትና ለጉበት ሕመም ተጋላጭ ይሆናል፤ ከቤት ድመት የሚተላለፉ ቫይረሶችም በቀላሉ ይጎዱታል።

በሐርጌሳ የሚደረገው እንክብካቤ

የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድን እአአ በ1990 የመሠረቱት አሜሪካዊቷ የሥነ እንስሳት ባለሙያ ላውሪ ማርከር ናቸው። ድርጅቱ ካለፈው አሥርት ዓመት መጀመሪያ አንስቶ ከሶማሊላንድ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ጋር በመተባበር የተያዙ ግልገሎችን ይንከባከባል። በመጀመሪያ እንስሳቱ የሚጠለሉት በሐርጌሳ ከተማ ውስጥ ባሉ ቤቶች ነበር። ቁጥራቸው እየጨመረ ሲሄድ ግን ከከተማዋ ወጣ ብሎ በጌድ ዴብሌ ሰፋ ያለ ማዕከል ተገንብቶላቸው ወደዚያ ተዛውረዋል። በማዕከሉ የሚገኙት አቦሸማኔዎች በቅርብ ዓመታት ከ90 በላይ ደርሰዋል።

አዲስ የተያዘ ግልገል እንደደረሰ ከሌሎቹ ተለይቶ ይቆያል። ለሰውነቱ ድርቀት ፈሳሽ ይሰጠዋል፣ ጥገኛ ትላትል ይወገድለታል፣ ይከተባል፤ ምግቡ ቀስ በቀስ ይስተካከላል። ለረጅም ጊዜ የተራበ እንስሳ በአንድ ጊዜ ብዙ ቢበላ ራሱ ምግቡ ሊገድለው ስለሚችል መጠኑ በጥንቃቄ ይለካል። ካደጉ በኋላ ከሚቀርብላቸው መካከል በአካባቢው በቀላሉ የሚገኘው የግመል ሥጋ አንዱ ነው፤ ማዕድናትና ቫይታሚን ይታከልበታል።

በሽታውን የተሻገሩትም ቢሆኑ ወደ ዱር የመመለስ ዕድላቸው እጅግ ጠባብ ነው። የአቦሸማኔ ግልገል ከእናቱ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ይቆያል። ማድባትን፣ መምረጥን፣ አንገት ይዞ መጣልን፣ ከአንበሳና ከጅብ መሸሽን የሚማረው በዚያ ጊዜ ነው። በሳምንታት ዕድሜው የተነጠቀ ግልገል ይህን የሚያስተምረው የለም፤ ሰውን አለመፍራቱም በዱር ለሌላ አደጋ ያጋልጠዋል። ስለዚህ ማትረፍ ማለት እንስሳውን በሰው እጅ ለአሥር ዓመትና ከዚያም በላይ መመገብ ማለት ነው።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ሸክም አለ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በሆለታ አቅራቢያ የሚገኘው የቦርን ፍሪ ፋውንዴሽን የእንስሳት ማገገሚያ ማዕከል፣ "እንስሳ ኮቴ"፣ ከሕገ ወጥ ዝውውር የተያዙ አቦሸማኔዎችንና አንበሶችን ተቀብሎ ያስተናግዳል።

ሕጉ ምን ይላል?

አቦሸማኔ እአአ በ1975 ሥራ ላይ በዋለው፣ በመጥፋት አደጋ ላይ ያሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው ስምምነት፣ በምኅጻሩ ሳይትስ፣ የመጀመሪያው አባሪ ላይ ሰፍሯል። ይህም ከዱር የተያዘን አቦሸማኔ ለንግድ ከአገር አገር ማዘዋወርን በመርህ ደረጃ ይከለክላል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀላቀለችው እአአ በ1989 ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ደግሞ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝንና ማዘዋወርን ያስቀጣል።

ሶማሊላንድ እአአ በ1991 ነጻነቷን ብታውጅም ሰፊ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ስላላገኘች በራሷ ስም የስምምነቱ አባል አይደለችም። ሆኖም የራሷን የደንና የዱር እንስሳት ሕግ አውጥታለች። እአአ በ2018 ስድስት ግልገሎች ይዘው የተገኙ ሁለት ሰዎች በሐርጌሳ ፍርድ ቤት የሦስት ዓመት እስር ተፈርዶባቸዋል፤ ውሳኔው በግዛቲቱ በዱር እንስሳት ዝውውር ላይ ከተላለፉት ቀዳሚ ቅጣቶች አንዱ ነበር።

በገዢዎቹ አገራትም ለውጥ አለ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እአአ በ2016 ባወጣችው ሕግ ግለሰቦች አቦሸማኔን ጨምሮ አደገኛ እንስሳትን እንዳይዙ ከልክላለች፤ ጥሰቱ እስርና እስከ 500,000 ድርሃም ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። ይሁን እንጂ ሽያጩ ከአደባባይ ገበያ ወደ ስልክ መልእክቶችና የማኅበራዊ መገናኛ ገጾች ተሸጋግሯል። በውድ መኪና ወንበር ላይ የተቀመጠ አቦሸማኔ የሚታይበት ቪዲዮ በሺዎች ሲወደድ፣ ለቀጣዩ ግልገል ፍላጎት ይፈጥራል።

እውነተኛ ድመት ለማሳደግ ምን ማወቅ ይገባል?

ድመት የሚወድ ሰው ፍቅሩን የሚያውልበት ሌላ እንስሳ በየሰፈሩ አለ። በሐርጌሳም ሆነ በድሬዳዋ፣ በጅግጅጋም ሆነ በአዲስ አበባ ባለቤት የሌላቸው ድመቶች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዷን መውሰድ የማንንም የዱር እንስሳ ሕይወት አያስከፍልም።

ግልገሏ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቷ ጋር ብትቆይ ይመረጣል። ቀድማ የተለየች ግልገል በቀላሉ ትታመማለች፤ ስትጫወት ንክሻዋን መመጠንም አትማርም። ጤናማ ግልገል ዓይኗ ጥርት ያለ፣ አፍንጫዋ ያልዘረዘረ፣ ጆሮዋ ከጥቁር ቆሻሻ የጸዳ፣ ሆዷ ያልተነፋ ነው። ሕፃናት ላሉበት ቤት ሰው የማትሸሽ፣ ለአዛውንት ቤት ደግሞ ረጋ ያለች ጎልማሳ ድመት ትስማማለች።

ድመት ሥጋ ካልበላች የማትኖር እንስሳ ናት። እንጀራ፣ ሩዝ ወይም ፓስታ ብቻ የምትመገብ ድመት በሥጋና በዓሣ ውስጥ የሚገኘው ታውሪን የተባለ ንጥረ ነገር ይጎድላታል፤ ይህም ለዓይነ ሥውርነትና ለልብ ሕመም ይዳርጋታል። ወተት የድመት ምግብ ነው ቢባልም ብዙ ጎልማሳ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል፤ ንጹሕ ውሃ ይሻላቸዋል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደማቸውን ይጎዳል፤ ወጥ የነካ ሥጋ መስጠት የማይመከረውም ለዚህ ነው።

በብዙ ቤቶች የሚገኘው ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ አንድ እንክብል ሊገድላት ይችላል። ለከብትና ለውሻ መዥገር የሚረጩ፣ ፐርሜትሪን የተባለ ንጥረ ነገር ያለባቸው መድኃኒቶችም ድመትን ያንቀጠቅጧታል፣ ይገድሏታልም። ስለዚህ ለሰው ወይም ለሌላ እንስሳ የተሠራ መድኃኒትን ያለ እንስሳት ሐኪም ምክር መስጠት አይገባም።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊታለፍ አይገባውም። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ለሞት የሚዳርግ ሲሆን ከድመት ንክሻም ሊተላለፍ ይችላል። በማይታወቅ ድመት የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ የድመት ዓይነ ምድር የማጽዳቱን ሥራ ለሌላ ሰው ብትተው ይመረጣል፤ በውስጡ ሊኖር የሚችለው የቶክሶፕላዝማ ተሐዋሲ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ድመቷን ግን ከቤት ማስወጣት አያስፈልግም።

ሴት ድመት ዓመት ሳይሞላት ልትወልድ ትችላለች፤ እርግዝናዋም ከሁለት ወር ብዙ አይበልጥም። የእንስሳት ሐኪም በሚገኝበት ከተማ ማምከን፣ ግልገሎችን በየመንገዱ ከመጣል የሚሻል መፍትሔ ነው።

የአቦሸማኔ ግልገል ያገኘ ሰው ምን ያድርግ?

በቆላው አካባቢ ቁጥቋጦ ሥር ብቻቸውን የተገኙ ግልገሎች አብዛኛውን ጊዜ የተተዉ አይደሉም። እናቲቱ ለአደን ሄዳ ለሰዓታት ልትርቅ ትችላለች። ሳይነኩ ከስፍራው መራቅ፣ ውሾችንም ማራቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። በሰው እጅ የተያዘ ወይም ለሽያጭ የቀረበ ግልገል ሲታይ ደግሞ በኢትዮጵያ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለፖሊስ፣ በሶማሊላንድ ለአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ማሳወቅ ይገባል። "ላድነው" ብሎ መግዛት ሻጩን ለሌላ ግልገል ወደ ዱር ይመልሰዋል።

ዘላቂው መፍትሔ ግን የሚጀምረው በረቱ አጠገብ ነው። ፍየሎችን በእሾህ አጥር በሚገባ ማሳደር፣ ውሻና እረኛ ከመንጋው አለመለየት፣ የታመሙ ከብቶችን በወቅቱ ማሳከም የአርብቶ አደሩን ኪሳራ ይቀንሳሉ፤ ኪሳራው ሲቀንስ የበቀሉም ምክንያት ይቀንሳል። በጌድ ዴብሌ ያሉት አቦሸማኔዎች ዕድሜያቸውን በሙሉ ከአጥር ጀርባ መኖራቸው የማይቀር ነው። ቀጣዮቹ ግልገሎች ከእናታቸው ጋር እንዲያድጉ ግን መንጋው የተጠበቀለት እረኛና ግልገሉን ላለመግዛት የወሰነ ሰው ያስፈልጋሉ።